«ስንት ዙር ቀረ?»

የአስር ሶላት አብቅቶ ፀሐይ ወደ ካራማራ ጋራ ስታዘነብል ጅግጅጋ ዳግም ትነቃለች። በቀትሩ ሙቀት ተዘግተው የቆዩ ሱቆች ይከፈታሉ፣ ባጃጆች መንገዱን ይሞሉታል፣ የጂም ቤቶችም ሰዓት ይደርሳል። በአንዱ ጂም ቤት ውስጥ የቤንች ፕሬስ አግዳሚው አንድ፣ ፈላጊው አምስት ነው። ጢሙን በሂና ያቀላ ጎልማሳ በጀርባው ተጋድሞ ብረት ይገፋል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። ሰውየው እየገፋ ሳለ አያናግረውም፤ ራስጌው ላይም አይቆምበትም። ብረቱ መደገፊያው ላይ ሲያርፍ ግን ጠጋ ይላል።

«አዴር፣ ስንት ዙር ቀረ?»

«ሦስት። ና፣ እየተቀያየርን እንሥራ።»

ከግራም ከቀኝም አሥር አሥር ኪሎ ይወርዳል። ወጣቱ ፎጣውን አግዳሚው ላይ ያነጥፍና ይጋደማል፤ ጎልማሳው ከራስጌው ቆሞ እጁን ከብረቱ ሥር ይዘረጋል። ስምንት ጊዜ ገፍቶ ሲነሳ የወረደው ኪሎ ይመለሳል፣ ተራውም ይቀየራል። ሁለቱ ሰዎች ስም ለስም አይተዋወቁም። «አዴር» በሶማሌ ቤት አጎትን፣ የአባትን ወንድም የሚጠሩበት ነው፤ በዕድሜ ለሚበልጥ ለማያውቁት ሰውም ይሆናል።

ስለ ጂም ሥነ ምግባር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው፦ ፎጣ ይዘህ ግባ፣ ብረት አትወርውር፣ የተጠቀምክበትን ወደ ቦታው መልስ። ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ግን ከሁሉም የሚቀድመው ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል። የዚህ ምክንያት ደግሞ ከደግነት ይልቅ ሒሳብ ነው።

የጥንካሬ ልምምድ ከሥራው ይልቅ ዕረፍቱ ይረዝማል። ከባድ ብረት የሚያነሳ ሰው በአንድ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ከ2 እስከ 5 ደቂቃ እንዲያርፍ አሠልጣኞች ይመክራሉ። ጡንቻ ለአጭርና ለከባድ ሥራ የሚያወጣው ጉልበት መልሶ የሚሞላው በዚያ መሐል ነው። እንግዲህ አምስት ዙር የሚሠራ፣ እያንዳንዱ ዙር 40 ሰከንድ የሚወስድበት፣ በየመሐሉ 3 ደቂቃ የሚያርፍ ሰው እንውሰድ። አግዳሚውን ይዞ የሚቆየው ከ15 ደቂቃ ትንሽ ለበለጠ ጊዜ ነው። ከዚያ ውስጥ ብረቱ የሚንቀሳቀሰው ለ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ብቻ ነው። የቀሩት 12 ደቂቃዎች ባዶ ናቸው። በሌላ በኩል ሦስት ሰዎች እየተቀያየሩ ቢሠሩና ኪሎ መቀየሪያውን ጨምሮ ለእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ቢያዝ፣ እያንዳንዱ ተራው እስኪመለስ ሁለት ደቂቃ ያርፋል፤ ሦስቱም አምስት አምስት ዙራቸውን በ15 ደቂቃ ይጨርሳሉ። አንድ ሰው በሚፈጅበት ጊዜ ሦስት ሰው ሠርቶ ይወጣል፤ ከሰዓቱ የተሰረቀበትም የለም።

ሒሳቡ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ሳለ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስልክ የሚነካካ ሰው በየጂሙ አይጠፋም። ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር፣ ከቦሌ እስከ ጅግጅጋ የምሽቱ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚያ ነው። ቀና ብለው ሲጠይቁት መልሱ አጭር ነው፦ «ከፍዬ ነው የገባሁት።» የወር ክፍያው የመግቢያ ፈቃድ መሆኑ ይረሳና የዕቃው ባለቤትነት ይመስላል። አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቀው ሰውም ያንኑ ያህል ከፍሎ መግባቱ ትዝ አይለውም።

ከፍሎ መጠቀምና ተራ መጠበቅ አብረው እንደሚሄዱ ለማየት ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሀርሺን ብቅ ማለት ይበቃል። ሀርሺን በፋፈን ዞን፣ ሐውድ በሚባለው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ላይ ያለና ከሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰን ወረዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የከርሰ ምድር ውኃውም ጥልቅ ነው። ሰውና ከብት የሚኖሩት በብርካ ውኃ ነው። ብርካ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ ግድግዳውና ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ የጎርፍ ውኃ ማጠራቀሚያ ሲሆን፣ በሐውድ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ዝናቡ ሲጥል ጎርፉ በቦይ ተመርቶ ይገባበታል፤ ፀሐይ እንዳያተነው በእሾህና በቅጠል ወይም በቆርቆሮ ይሸፈናል፤ ዙሪያውም ይታጠራል።

ብዙው ብርካ የግል ነው። ያስቆፈረው ቤተሰብ ይታወቃል፤ ጅላል የሚሉት ረጅሙ የበጋ ወራት ሲጠና ውኃው በገንዘብ ይሸጣል። ቢሸጥም ሥርዓቱ አይቀርም። ለእንስሳት የሚሆነው ተቀድቶ በገንዳ ይቀርባል እንጂ ከብት ወደ ውኃው አይለቀቅም። የተጠማ መንገደኛ ገንዘብ የለውም ተብሎ አይመለስም፤ ከዘመድና ከድኃ ጋር ያለው ሒሳብም ከነጋዴ ጋር እንዳለው አይደለም። አንድ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ስለሚችል ከመንጋ ጋር የመጣ ሰው ተራው ሲደርስ ብዙ ውኃ ይወስዳል፤ ከኋላው የቆመውም ይህን አውቆ ይጠብቃል። የከፈለው ሰው የገዛው የቀዳውን ውኃ ነው፤ ብርካው የሌላ ሰው ነው፣ ቀጣዩ ቀጂም ይፈልገዋል። የጂም ክፍያም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም።

በደቡብ፣ በቦረና ሜዳ ደግሞ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ተራ የሚያስይዝ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ባለ ከብቶቹ እርስ በርስ መከራከር አያስፈልጋቸውም። በጂም ቤት ይህ ሥራ የአሠልጣኙ መሆን ነበረበት። የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ አሠልጣኙ በግል ከሚከፍለው ደንበኛ ጋር ይጠመድና የቀሩት ራሳቸው ይደራደራሉ። ለዚህ ነው «ስንት ዙር ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ ሥራ የሚሠራው። ጠያቂው «ተነስ» አላለም፤ ተጠያቂውም «እምቢ» ማለት አላስፈለገውም። ቁጥር ብቻ ተነገረ።

ዙሩ ሲያልቅ ሁለተኛው ጉዳይ ይመጣል፦ ለሚቀጥለው ሰው ምን ይተዋል? ሙሉው ባር ብቻውን 20 ኪሎ ይመዝናል። በግራና በቀኙ ሦስት ሦስት የ20 ኪሎ ፕሌት ከተሰካበት 140 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። የጫነው ሰው እንዲሁ ትቶት ቢሄድ፣ በስፖርት ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘች ሴት ወይም ከጉዳት ያገገመ ሽማግሌ ያን ሁሉ ሲያወርድ ወገቡን ሊጎዳ ይችላል። ማውረዱም ብልሃት ይፈልጋል። ከአንድ ጎን ብቻ እየነቀሉ ሲሄዱ ሚዛኑ ይስትና ባሩ በከበደው በኩል ተገልብጦ ይወድቃል፤ አጠገብ የቆመ ሰው ካለ አደጋው የእሱ ነው። ስለዚህ አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ እየተባለ ይወርዳል። ደምቤልም በቁጥሩ ቅደም ተከተል ይመለሳል፤ 12 ኪሎው በ20 ቦታ የተቀመጠ ከሆነ የሚፈልገው ሰው በየጥጉ ሲዞር ይውላል።

ብረት መያዝም የራሱ ወግ አለው። ቤንች የሚሠራ ሰው ክንዱ ቢከዳው ብረቱ የሚወርደው ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ስለሆነ «ያዝልኝ» የተባለ ሰው ስልኩን ኪሱ ይከታል። ስንት ጊዜ ሊገፋ እንዳሰበ አስቀድሞ ይጠይቃል። ሰውየው እየታገለ እንኳ ብረቱ ወደ ላይ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ አይነካውም፤ ሲቆም ወይም መውረድ ሲጀምር ግን ፈቃድ አይጠብቅም። «ግፋ! ግፋ!» እያሉ መጮህ ብርታት የሚሰጠው አለ፣ የሚረብሸውም አለ፤ ይህም ቀድሞ ይጠየቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቀይመው ላብ ነው። በአግዳሚ ላይ የቀረ ላብ ከማስጸየፉ ሌላ የጤና ጉዳይ ነው። ለእባጭና ለቁስል መመርቀዝ ምክንያት ከሚሆኑት ተሕዋስያን ዋነኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በደረቅ ዕቃ ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ጭርትም በቆዳ ንክኪና በጋራ ፎጣ ይተላለፋል። ፎጣ የሚነጠፈው ስለዚህ ነው፤ ሁለት ፎጣ የሚይዙ ጠንቃቆችም አሉ፣ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለአግዳሚ። ቁስል ያለበት ሰው ሸፍኖት ይገባል፤ በእባጭ የታመመ ሰው እስኪድን ቢቀር ለሌሎች ትልቅ ውለታ ዋለ። ውኃ በቦቴና በጀሪካን በሚጠበቅበት አካባቢ ደግሞ ገላ መታጠቢያው ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባልዲውን ብቻውን የጨረሰ ሰው በጂም ውስጥ አግዳሚ ከያዘው ይልቅ ይታማል።

ሰው ተሰብስቦ ጉልበቱን በሚፈትንበት ቦታ ሥርዓት ማበጀት የቆየ ልማድ ነው። በኢራን ዙርኻኔ የሚባለው የጥንት የስፖርት ቤት በሩ ሆን ተብሎ አጭር ይደረጋል፤ የሚገባው ሁሉ፣ ጀግናም ቢሆን፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ልምምዱ የሚካሄደው ከወለሉ ዝቅ ባለ ባለ ስምንት ማዕዘን ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ ተራውም በዕድሜና በልምድ ይጠበቃል። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በጃፓን ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካንን መሥርቶ ጁዶን ሲያስተምር፣ ተጋጣሚዎች ከመያያዛቸው በፊትም ከተለያዩ በኋላም እጅ እንዲነሳሱ አደረገ። የሚጥልህ ሰው ከሌለ አትማርም፤ ስለዚህ ባልንጀራህን ሳትጎዳ መጣል የትምህርቱ ክፍል ነው። በየከተሞቻችን ቴኳንዶ የሚማሩ ሕፃናትም ከሁሉ በፊት የሚለምዱት ጎንበስ ማለትን ነው።

ከኢትዮጵያ ስፖርት ይህን የመሰለ ወግ ያዳበረው ሩጫ ነው። በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ ጫካዎችና ሜዳዎች ጎሕ ሲቀድ ሯጮች በአንድ መስመር ተከታትለው ይታያሉ። ፊት ያለው ፍጥነት ያወጣል፣ የቀሩት እግሩን እያዩ ይከተላሉ፤ መምራቱ ስለሚያደክም በተራ ይደረጋል። ጉልበት አለኝ ብሎ ከመስመሩ ወጥቶ መሪውን የሚቀድም ወጣት ከአሠልጣኙ ተግሣጽ ይጠብቀዋል። የራሱን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ልምምድ አበላሽቷልና። በ2013 ዓ.ም. በታደሰው መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይም ማንም ሳይጽፈው የቆመ ሥርዓት አለ። ሯጩ በየእርከኑ ከዳር ዳር እየተጠማዘዘ ሲያልፍ፣ ተቀምጠው የሚያርፉት እግራቸውን ሰብሰብ ያደርጉለታል።

ይህ ወግ በዓለም አደባባይ የታየበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ በእግር ጉዳት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ዞር ዞር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀነሱለት። ኃይሌ መድረስ እንዳልቻለ ሲያውቁት ነው ጥለውት የሄዱት። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አገኙ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ስትዳከም አብራት እንድትቀጥል ስታበረታታት ታይታለች፤ ውድድሩን ያሸነፈችው ግን ራሷ ደራርቱ ነበረች።

ዝነኞችም ቢሆኑ በጠባብ አዳራሽ ውስጥ ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጋዜጦች የዘገቡት የጂም ጠብ የደረሰው ሱሉልታ በሚገኘው የኃይሌ ገብረሥላሴ ያያ የአትሌቲክስ መንደር ነው። በሶማሌላንድ ተወልዶ በብሪታንያ ያደገው ሞ ፋራህ ከለንደን ማራቶን በፊት እዚያ ሰፍሮ ይለማመድ ነበር። ፋራህ ከክፍሉ ንብረት ተሰርቆብኛል ሲል ኃይሌ በበኩሉ ፋራህ በጂም ውስጥ ሁለት ስፖርተኞችን መቷል አለ፤ ፋራህ ክሱን አስተባብሏል፣ ወገኖቹም የተጠቃው እሱ ነው ብለዋል። ማን ትክክል እንደነበር እዚህ የሚፈረድ አይደለም። ነገር ግን በኦሎምፒክ አራት ወርቅ ያገኘ ሰው እንኳ ልምምዱን የሚሠራው ሌሎች ስፖርተኞች ባሉበት ወለል ላይ ነው፤ ለውድድር ሳምንታት ሲቀሩ ደግሞ የሁሉም ትዕግሥት አጭር ነው።

ከጠብ ያልደረሱ፣ ግን በየዕለቱ የሚያስከፉ ነገሮችም አሉ። ያልተጠየቀ ምክር አንዱ ነው። ሦስት ወር የሠራ ወጣት ሦስት ዓመት የሠራውን «እንዲህ አይደለም» ብሎ ሲያርም የማይስቅ የለም። ሰው ራሱን ሊጎዳ ከሆነ መናገር ግዴታ ነው፤ ያውም ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወላል (ወንድሜ)፣ ወገብህን ጠብቅ» በማለት። ሌላው ስልክ ነው። መስተዋት ፊት ቆሞ የሚቀርጽ ሰው ራሱን ብቻ የሚቀርጽ ይመስለዋል፤ መስተዋቱ ግን አዳራሹን ሁሉ ያሳያል። በረመዳን ወር ደግሞ የመጣበቡ ችግር ይብሳል። ቀን ጾም ስለሆነ ብዙው ሰው የሚመጣው ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከተራዊሕ ሶላት መልስ ነው፤ የቀኑ ሰው በሙሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታጨቃል፣ የሚሠራ ሁሉ የሚሠራውን ዙር እንዲቀንስ ይገደዳል።

የሴቶች ሰዓት ግን ገና መፍትሔ ያላገኘው ትልቁ ጥያቄ ነው። ሙስሊም በሚበዛባቸው ከተሞች ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ሰዓት መሥራታቸው የተለመደ ነው፤ ለብዙ ሴቶችም ጂም መግባት የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። የሚለማመዱበት ቦታ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል የሶማሊያዋ ሯጭ ሳሚያ ዩሱፍ ዑመር ታሪክ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤይጂንግ ኦሎምፒክ 200 ሜትር ሮጣ ከሁሉ በኋላ ገብታ፣ ሕዝቡ አጨበጨበላት። በሞቃዲሾ ሴት ሆና መሮጥ ዛቻና ማስፈራራት ስላበዛባት አሠልጣኝ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣች። ከዚያም ወደ አውሮፓ ለመሻገር ስትሞክር እ.ኤ.አ. በ2012 በሜዲትራኒያን ባሕር ሞተች።

ለሴቶች የሚመደበው ሰዓት ብዙ ጊዜ ወንዶች የማይፈልጉት ረፋድ ነው። መምህርት፣ የባንክ ሠራተኛና ነጋዴ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። የምሽት ሰዓት ሲሰጣቸውም የወንዶቹ «የመጨረሻ ዙር» ይጎተታል። አንድ ሰዓት በተመደበላቸው ቦታ 10 ደቂቃ የዘገየ ወንድ ከጊዜያቸው ስድስተኛውን እጅ ወሰደ። በዚህ ጊዜ ወንድ ቢሆን ገብቶ ይናገራል፤ ሴቶቹ ግን ሊገቡና ሊጠይቁት አይችሉም፤ በር ላይ ቆመው መጠበቅ ብቻ ነው ያላቸው። የጂም ባለቤት ይህን ለሰዎቹ ጨዋነት ብቻ ሊተወው አይገባም። ከሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ አዲስ ዙር መጀመር እንዲቆም ማድረግ፣ ብረቱ ወርዶ አግዳሚው ተጠርጎ እንዲያልቅ መቆጣጠር፣ ወንዶቹን የምሽቱን ሰዓት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለሴቶች እንዲለቁ መጠየቅ የእሱ ሥራ ነው። ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ በወር ይከፍላሉ።